ኩርባውን ንገሩን፦ ለከተማችን አስተዳደርና ለሰፈራችን ፖሊስ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደርና የሰፈራችን ፖሊስ ኃላፊዎች፣

ባለፈው በጠራችሁን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ሪፖርቱ ተነበበ። ወንጀል ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል ተባለ። በመቶኛ ተነገረን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር። "መቼ ነው የሚያበቃው? ሳይመሽ ልግባ" አሉኝ በሹክሹክታ። ገና 11 ሰዓት ተኩል ነበር።

ይህን የምጽፈው ቁጥራችሁ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ያነበባችሁልን መዝገቡ ላይ ያለውን እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን የመላው ከተማ መቶኛ ለእኚያ እናት የሚጠቅማቸው ነገር የለም። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት ከፌርማታው እስከ በራቸው ካለው መንገድ የትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያሰጋ ነው። ይህን ደግሞ ከእናንተ በላይ ሊያውቅ የሚችል የለም።

ስለ አንድ ኩርባ ልንገራችሁ። ከፌርማታው ወርዳችሁ ትንሽ እንደተራመዳችሁ ረጅም የግንብ አጥር ታገኛላችሁ። አጥሩ የሚያልቅበት ላይ መንገዱ ይታጠፋል። እዚያ የመብራት ምሰሶ አለ። አምፖሉ ከተቃጠለ ግን ቆይቷል። በአንድ በኩል ግንብ ነው፣ በሌላ በኩል ሳሩ ወገብ የደረሰ ባዶ መሬት። ከየትኛውም ቤት መስኮት አይታይም። እኔ ስልኬን የተቀማሁት እዚያ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ። ሁለት ነበሩ። አንዱ ከኋላ አንገቴን አነቀኝ፣ ሌላው እጄን ጠመዘዘ። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ጮኬ ነበር። የሰማኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ቃሌን ልሰጥ ሄድኩ። ያገኘሁት ተረኛ ፖሊስ አላመናጨቀኝም። ደክሞት ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። "እህቴ፣ ማን እንደወሰደብሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "ታዲያ ማንን እንያዝልሽ?" አለኝ። የስልኩን ካርቶን ይዤ እንድመለስ ነገረኝ። ሰፈሬን ጠየቀኝ። በስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቀኝም። የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነም አልጠየቀኝም። ካርቶኑን ከጣልኩት ዓመት አልፎት ነበር። ተመልሼ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቼን ማነጋገር ጀመርኩ። የማታ ተማሪው ቦርሳውን ከነደብተሩ ተቀምቷል። እዚያው ኩርባ ላይ። ከማታ ተራ የምትወጣው ነርስ ሮጣ አምልጣለች። እዚያው ኩርባ ላይ። ከእኔ በላይ ያሉት ሽማግሌ ተገፍትረው ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። እሱም እዚያው። ለፖሊስ ያመለከታችሁ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ተመሳሳይ መልስ ሰጡኝ። "ምን ዋጋ አለው?" ሽማግሌው ሐኪም ቤት ሄደው ክንዳቸውን ታሽገዋል። ጣቢያ ግን አልሄዱም። ስለዚህ በእናንተ መዝገብ ላይ ያ ኩርባ ሰላማዊ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። መዝገብ የሚቆጥረው የተፈጸመውን ወንጀል ሳይሆን የተነገረውን ነው። ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየጠየቀ ጥናት ያካሂዳል፦ ጥቃት ደርሶባችኋል ወይ፣ ለፖሊስስ ተናግራችኋል ወይ? እንደ ድብደባና ቅሚያ ካሉ የአመጽ ወንጀሎች ግማሽ ያህሉ እንኳን ለፖሊስ እንደማይደርሱ ያው ጥናት በተደጋጋሚ አሳይቷል። የንብረት ስርቆት ላይ ሲደርስ የሚያመለክተው ሰው ከዚያም ያንሳል። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ ጆናታን ሼፐርድ የሚባሉ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይህንኑ በራሳቸው ሥራ ላይ አስተዋሉ። ተደብድበው ከሚመጡላቸው ሰዎች ብዙዎቹን ፖሊስ ጨርሶ አያውቃቸውም። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍሉ ከተጎጂዎች ጥቂት ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመረ። የት? መቼ? በምን ተመታህ? ስም አልተላለፈም። ቦታውና ሰዓቱ ግን ለፖሊስና ለከተማው ተላለፈ፤ እነሱም ስምሪታቸውን በዚያ መሠረት አስተካከሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ግምገማ እንዳሳየው፣ በአመጽ ጉዳት ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ ዝቅ አለ። የሽማግሌው ክንድ በታሸገበት ሐኪም ቤት "የት ወደቁ?" ብሎ የጠየቀ ቢኖርና መልሱ እናንተ ጋ ቢደርስ ኖሮ፣ እኔ በዚያ መንገድ ከማለፌ በፊት ኩርባውን ታውቁት ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሪፖርታችሁ አቤቱታ በዝቷል ቢል አልደነግጥም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። ሰው ጣቢያ መሄድ ዋጋ እንዳለው ማመን ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። የበላይ አለቆቻችሁም ይህን ተረድተው፣ መዝገቡ ሞላ ብለው የጣቢያውን ኃላፊ እንዳይወቅሱ እለምናለሁ። የሚወቀስ ኃላፊ መዝገቡን ባዶ ማድረግ ይማራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንጀል በአንድ ሰፈር ላይ እንደ ዝናብ እኩል አይዘንብም። ጥቂት ቦታ ላይ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ጥናት ለፖሊስ የተደወሉ ጥሪዎችን በአድራሻ ለያይቶ አየ። ከጠቅላላው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከ3 በመቶ አድራሻዎችና መስቀለኛ መንገዶች ብቻ ነበር። በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በሲያትል ደግሞ ተመራማሪዎች የ14 ዓመት መዝገብ አገላበጡ። በየዓመቱ ግማሽ ያህሉ ወንጀል የሚፈጸመው ከከተማዋ መንገዶች 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ነበር። ብዙዎቹ መንገዶች ደግሞ ከዓመት ዓመት እንዳሉ ቀሩ። መጥፎው መንገድ መጥፎ፣ ደህናው ደህና።

ይህን ሳነብ ያዘንኩትን ያህል ተስፋም አደረግኩ። "አደገኛ ሰፈር" ሲባል የምንሰማው ስም ሐሰት ነው ማለት ነው። በሰፈራችን ያለው አብዛኛው መንገድ ሕፃናት የሚጫወቱበት፣ ሰው በሩን ከፍቶ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። የሚያስፈራን ጥቂት ቦታ ነው፤ ጥቂት ቦታ ደግሞ ይጠገናል። ስሙ ግን ሁላችንንም ይጎዳል። ልጆቻችን ሥራ ሲያመለክቱ አድራሻቸውን ለመጻፍ ያፍራሉ። የታክሲ ሹፌሮች ሲመሽ "እዚያ አልገባም" ይላሉ። አከራይ የሆኑ ጎረቤቶቼ ተከራይ ያጣሉ።

ለምን እዚያ ኩርባ ላይ? እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት የሶሲዮሎጂ ምሁራን፣ ላውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን፣ ቀላል የሚመስል ሐሳብ አቀረቡ። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው። ለማድረግ የተዘጋጀ ሰው፣ የሚወሰድ ነገር፣ ከዚያም ጠባቂ ወይም የሚያይ ዓይን አለመኖር። እኔ ከሥራ መመለሴን ልተው አልችልም። ስልክ መያዜንም እንዲሁ። የቀማኞቹን ልብ መቀየር ደግሞ የዓመታት ሥራ ነው፤ መሠራት አለበት፣ ግን በአንድ ወር አያልቅም። ሦስተኛው ግን፣ የሚያይ ዓይን፣ በአንድ ሳምንት ሊመለስ ይችላል። አምፖል ነው። ሳር ማጨድ ነው። በ2 ሰዓት እዚያ የሚያልፍ አንድ ፖሊስ ነው።

አምፖሉን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ ውስጥ 80 ከሚጠጉ የመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃ ቅጥሮች ግማሽ ያህሉ በዕጣ ተመርጠው ደማቅ መብራት ተተከለላቸው። መብራት ባገኙት ቦታዎች ከቤት ውጭ በማታ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች ቢያንስ በ36 በመቶ ቀነሱ። ባዶው መሬትም እንዲሁ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ተመራማሪዎች 541 ባዶ ቦታዎችን ወስደው፣ በዕጣ የወጡትን ቆሻሻቸውን አንስተው፣ ሣር ተክለው፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አደረጉላቸው። በድሃ ሰፈሮች በሽጉጥ የሚፈጸም ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። የተሠራው የጽዳትና የአትክልት ሥራ ብቻ ነበር። እኛ ለዚያ ምሰሶ ስንት ጊዜ አመለከትን! አንዱ ቢሮ የመብራት ጉዳይ ነው ይላል፣ ሌላው የመንገድ ጉዳይ ነው ይላል፣ ባዶው መሬት ደግሞ የባለቤቱ ጉዳይ ነው ይባላል። ጨለማው ግን የእኛ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ስለ ፓትሮሉ በግልጽ ልናገር። መኪናችሁ በዋናው መንገድ ላይ ስትዞር እናያታለን። ደስም ይለናል። ግን በመኪና ዝም ብሎ መዞር ወንጀልን እንደማይቀንስ ከታወቀ 50 ዓመት አልፏል። ካንሳስ ሲቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ለአንድ ዓመት ተሞከረ። 15 የፓትሮል ክልሎች በሦስት ተከፈሉ። በአንዱ ምድብ የተለመደው ዙር ቀረ፤ መኪና የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው እንደነበረ ቀጠለ። በሦስተኛው መኪናው ሁለት ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀሉም፣ በሰዉ ፍርሃትም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

በእግር፣ ለይቶ በታወቀ ቦታ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፊላደልፊያ አመጽ በበዛባቸው 60 ቦታዎች ላይ በእግር የሚዞሩ ፖሊሶችን አሰማራች። ከ12 ሳምንት በኋላ የአመጽ ወንጀል፣ ካልተሰማራባቸው ተመሳሳይ ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር፣ በ23 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ መገተርም አያስፈልግም። የሚኒያፖሊሱ ልምድ እንደሚያሳየው፣ አንድ ፖሊስ ችግር ባለበት ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሲሄድ ውጤቱ ከሄደ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ሌላው ቦታ ላይ መቆም፣ ቆይቶ መመለስ ነው። ሰው የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነት ነው የላችሁም። የምጠይቃችሁ ግን ተጨማሪ ሰው አይደለም። ያለውን ሰው በትክክለኛው ኩርባ፣ በትክክለኛው ሰዓት አቁሙት ነው የምለው። ከተቻለ ደግሞ ያው ሰው ይሁን። ስሙን የምናውቀው፣ ፊታችንን የሚያውቅ። በየወሩ ለሚቀያየር ፖሊስ ማንም ምሥጢሩን አይነግርም።

በስብሰባው ላይ አንድ ኃላፊ "ከዚህ ብናባርራቸው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ" ብለው ነበር። ምክንያታዊ ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ተፈትሾ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይሆንም። ጀርዚ ሲቲ ላይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ብለው አጠኑት። ፖሊስ ትኩረት ካደረገባቸው ቦታዎች አጠገብ ያሉት መንገዶች አልባሱም፤ እንዲያውም እነሱም ተሻሉ። ቀማኛም እንደ ማንኛውም ሰው የለመደው ቦታ አለው። የሚያመልጥበትን ቅያስ ያውቃል፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ያውቃል። ያን ሁሉ በሌላ ሰፈር እንደገና መማር ቀላል አይደለም።

ስለ ቤት ሰባሪዎችም አንድ ነገር አለ፤ አጭር ነው። አንድ ጊዜ የተሰበረ ቤት ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሌባው መግቢያውን አውቆታል፣ የተወሰደው ዕቃም በአዲስ እንደሚተካ ያውቃል። ሮችዴል በሚባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ኪርክሆልት በተባለ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን አስተውለው ጥረታቸውን ሁሉ በተዘረፉት ቤቶች ላይ አደረጉ። የተሰበረውን በር አጠናከሩ፤ በአካባቢው ያሉ ጥቂት ጎረቤቶች ያንን ቤት በዓይናቸው እንዲጠብቁ አደራ ተሰጣቸው። ስርቆቱ በሦስት ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ ወረደ። ከእኔ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ቤቷ ተሰብሮ፣ ወር ሳይሞላ ድጋሚ ተሰበረ። ከመጀመሪያው በኋላ "እንዴት ነሽ? በሩን አጠናከርሽ?" ብሎ የመጣ አልነበረም። ከእናንተም፣ ከእኛም። እዚህ ላይ እኛ ጎረቤቶቿም ጥፋተኞች ነን።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለጎረቤቶቼም ነው።

ጎረቤቶቼ፣ ሰው እየጮኸ መስኮት መዝጋትን ተምረናል። "ዘንድሮ ሰው ለሰው አይደርስም" እንላለን፤ ብለን ብለን እውነት አደረግነው። ግን እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በእንግሊዟ ላንካስተር፣ በአምስተርዳምና በኬፕታውን መንገዶች ላይ በካሜራ የተቀረጹ 219 ጠቦችን አየ። ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ለመገላገል ገብቷል። ሰው ይደርሳል። የሚደርሰው ግን ሲያይ ነው፣ ሲሰማ ነው፣ ሌሎችም አብረውት እንደሚቆሙ ሲያምን ነው። ቺካጎ ላይ 8,782 ነዋሪዎች የተጠየቁበት፣ 343 ሰፈሮችን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ይላል። በድህነት እኩል ከሆኑ ሰፈሮች መካከል እንኳ፣ ጎረቤቶች የሚተማመኑበት፣ ልጆች ሲያጠፉ ማንም ትልቅ ሰው የሚቆጣበት ሰፈር አመጽ ያንስበታል።

ሁለት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ሌባ ሲያዝ አንደብድብ። ባለፈው በዓይናችን ፊት አንድ ልጅ ሊሞት ነበር። ሰርቆ ይሁን አይሁን እንኳ የተጣራ አልነበረም። ያን ቀን ያየኋቸው የሰዎች ፊቶች ከኩርባው ጨለማ በላይ ያስፈሩኛል። እንያዝ፣ ለፖሊስ እንስጥ፣ ምስክር እንሁን። ሁለተኛ፣ ግንቡ ላይ የሚቀመጡትን ልጆች ሁሉ ሌባ አንበል። እኔ ራሴ እንደዚያ አደርግ ነበር። ስልኬን በተቀማሁ ሰሞን፣ ከእነሱ አንዱ "እትዬ፣ ማታ ማታ እንሸኝዎት" አለኝ። እየተፈራረቁ ለሳምንታት ሸኙኝ። ሥራ የላቸውም፣ የሚሄዱበት የላቸውም፣ ፖሊስ ሲያልፍ ኪሳቸው ይፈተሻል። ሆኖም ያንን ኩርባ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ማንም ግን ጠይቋቸው አያውቅም።

እናንተ ኃላፊዎች ግን ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። ስትጠይቋቸው ደግሞ እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ነዋሪ ይሁን።

የምጠይቃችሁን አንድ ላይ ልበለው። ቃል የሚሰጥ ሰው ሁሉ ቦታውንና ሰዓቱን ይጠየቅ፤ ካርቶን ባይኖረውም ይመዝገብ። ጣቢያ መሄድ ለሚፈራ፣ በተለይ ለሴቶች፣ ቃሏን የምትሰማ ሴት ፖሊስ ትኑር። ማንም ካመለከተ በኋላ አንድ ጊዜ ይደወልለት። ዕቃው ባይገኝም እንኳ "አልተገኘም" መባል ክብር ነው። በየሦስት ወሩ ስታወያዩን የከተማውን መቶኛ ተዉትና የሰፈራችንን ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። የተጎጂ ስም አይኑርበት፤ ቦታውና ሰዓቱ ይበቃናል። ከዚያ ነጥብ የበዛባቸውን ሦስት ቦታዎች መርጠን፣ መብራቱን ማን እንደሚሠራ፣ ሳሩን ማን እንደሚያጭድ፣ በስንት ሰዓት ማን እንደሚቆም እዚያው ፊት ለፊት እንስማማ። ሳሩን እኛ እናጭዳለን። ይህን ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ብቻ አስገኙልን።

ካሜራ ይተከላል የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። አልቃወምም። ግን ጨለማ ውስጥ የተተከለ ካሜራ ጨለማ ነው የሚቀርጸው፤ የቀረጸውንም ተቀምጦ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ አምፖሉ።

የስብሰባው ቀን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ የያዙትን እናት ትናንት አገኘኋቸው። ልጃቸው የማታ ትምህርት ልትጀምር ነበር፤ ከልክለዋታል። "ትምህርቱ ይቅርባት፣ እሷ ትኑርልኝ" አሉኝ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

እስካሁን የተናገርኩትን ለማመን ወረቀት አያስፈልጋችሁም። በሚቀጥለው ሐሙስ እንደ ወትሮዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከፌርማታው እወርዳለሁ። ጥቂት ጎረቤቶቼም፣ ግንቡ ላይ የሚቀመጡት ልጆችም አብረውኝ ይሆናሉ። ከእናንተ አንድ ሰው ያለ መኪና፣ በእግሩ ቢመጣና እስከ በሬ ድረስ አብሮን ቢሄድ እንወዳለን። ፌርማታው ጋ ቆመን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሰፈሩ ነዋሪ